የትራክተሩን ቺንጋ ከመቀየራችን በፊት



ዛሬ የምናገረው በሣር ማጨጃ ትራክተር ሆድ ሥር ተዘርግቶ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚያደርሰው ቺንጋ ነው። ርእሱ ያነሰበት ሰው ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። እዚህ በካናዳዋ ቶሮንቶ፣ በኢቶቢኮ፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ መነሣት ሲጀምር፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ስልኬ የሚጮኸው በአብዛኛው በዚህ ቺንጋ የተነሣ ነው። ሞተሩ ይነሣል፤ ድምፁም ጤነኛ ነው። ማርሽ ሲገባ ግን ትራክተሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። ወይም ሜዳው ላይ ደህና ሄዶ ትንሽ ዳገት ሲገጥመው ይቆማል። ባለቤቱ ደውሎ «ካምቢዮው አለቀ መሰለኝ፤ ልጣለው?» ይላል።

ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። አንዳንዱ ማሽኑን ለብረት ሰብሳቢ ይሰጥና አዲስ ይገዛል። ሌላው ሮጦ ቺንጋ ይገዛል፣ አሮጌውን ይጥላል፣ አዲሱን ያስገባል፣ ሐምሌ ሳይገባም ያው ችግር ይመለስበታል። እኔ ሁለቱንም አልደግፍም። የመጣሁበትም ጉዳይ አንድ ነው፦ ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይሞትም፤ የሚገድለው ነገር አለ። ያ ነገር ሳይገኝ የሚገባው አዲስ ቺንጋም ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከመቀየር በፊት ማንበብ አለብን፤ የሚነበበው ደግሞ አሮጌው ቺንጋ ራሱ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በዚህ አገር አቆጣጠር እጠራዋለሁ።

ኢቶቢኮ ከ1998 ጀምሮ በቶሮንቶ ውስጥ ተጠቃላ ትኑር እንጂ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብዙው መሬቷ እርሻና የፍራፍሬ ቦታ ነበር። በ1950ዎቹ እንደ ሬክስዴል ያሉ ሰፈሮች ተሠሩ፤ ለየቤቱም ከፊትና ከኋላ ሰፊ ሣር ተተወለት። የከተማው ደንብ ያ ሣር ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳያድግ ያዛል። ለአብዛኛው ቤት በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ይበቃል፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ትራክተር የሚያስፈልገው የማዕዘን ቦታ ላለው፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚጠብቅ፣ ወይም በበጋ ሣር በማጨድ፣ በብርዱ ወራት በረዶ በመጥረግ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድር ሰው ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ ካናዳዊ ጎረቤቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት የተጠቀመበትን አሮጌ ማሽን ነው። ግዢው ብልህነት ነው፤ የዚያ ዘመን ብረት ወፍራም ነው፤ አካሉም ተፈትቶ ይገጠማል።

እኛና ቶሮንቶ በትራክተር የተዋወቅነው ደግሞ ከስደቱ በፊት ነው። በአገራችን የስንዴ ማሳ ላይ የምናውቀው ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን ሥሩ እዚህ ነው። ዳንኤል ማሲ በ1847 ከቶሮንቶ በስተምሥራቅ፣ ኒውካስል አጠገብ፣ አነስተኛ የእርሻ መሣሪያ መሥሪያ ከፈተ። ልጁ ሃርት ማሲ በ1879 ሥራውን ወደ ቶሮንቶ ኪንግ ጎዳና አመጣው፤ ዛሬ ሊበርቲ ቪሌጅ የሚባለው ሰፈር የዚያ ፋብሪካ ቦታ ነው። መሐል ከተማ ያለውን ማሲ ሆል የተባለውን የሙዚቃ አዳራሽ በ1894 ለከተማው ያበረከተውም እሱ ነው። ኩባንያው በ1891 ከብራንትፎርዱ የሃሪስ ኩባንያ ጋር፣ በ1953 ደግሞ ከሃሪ ፈርጉሰን ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። የእርሻ ትራክተሮቹ በብዛት በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ቢሠሩም ዋናው መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ቶሮንቶ ነበር። በ1960ዎቹ ያው ስም በትንንሽ የግቢ ትራክተሮች ላይም ተለጠፈ፤ አሁንም በዚህ አገር ጋራዦች ውስጥ አንዳንዱ ቆሞ ይገኛል።

እንደኔ በአርሲ ወይም በባሌ ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ አንድ ስሜት ብቻ አይሰማውም። በጭላሎ በ1967 በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት ሲስፋፋ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ምርቱን አሳደጉ፤ ትራክተር የገዛው ባለመሬት ደግሞ ጭሰኛውን አያስፈልገኝም ብሎ አስነሣው። ኋላም የቺንጋ፣ የኩሽኔታና የማጣሪያ ያህል ትንሽ ዕቃ አጥተው ሣር የበቀለባቸው ትራክተሮች በየእርሻ ድርጅቱ ግቢ ቆመው አይተናል። ያን ያየ ሰው ለትንሿ መለዋወጫ ያለው ክብር ከሌላው ይለያል። ለዚህም ነው ዛሬ ትራክተር ለብረት ተሰጠ ሲባል የሚከፋኝ።

ወደ ሥራው እንግባ። ወፍጮ ቤት እህል ተሸክሞ ያልሄደ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የሚሄደው ረጅም ጠፍጣፋ ቺንጋ ትዝ ይላችኋል፤ ሰፊ ነው፣ ረጅም ነው፣ በጣም መወጠርም አለበት፤ ምክንያቱም ፑሊውን የሚይዘው በሆዱ ብቻ ነው። የትራክተራችን ቺንጋ ግን ጎኑ ሾጠጥ ያለ፣ በቦይ ውስጥ የሚቀመጥ ነው። የዴንቨሩ ጆን ጌትስ በ1917 ያወጣው ዓይነት ነው። የሚይዘው በሁለቱ ጎኖቹ ነው። ሲወጠር ወደ ቦዩ ይሰነቀራል፤ ከዚያ ሹል ቅርጽ የተነሣ በእኩል ውጥረት ከጠፍጣፋው 3 እጥፍ ያህል አጥብቆ ይይዛል። ከወፍጮው ቺንጋ ይህን ያህል ቀጥኖ ትራክተርና ሰው ዳገት የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ። ጎኑ ነው የሚሠራው ካልን፣ የቺንጋው ሆድ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ቺንጋው ጎኑ አልቆ ከጠበበ፣ ወይም ፑሊው ተበልቶ ቦዩ ከሰፋ፣ ቺንጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ መሰንቀሩ ይቀርና መንሸራተት ይጀምራል። ባትሪ አብርታችሁ የፑሊውን ቦይ ወለል እዩት፤ እንደ መስተዋት ካበራ ቺንጋው እየነካው ነበር ማለት ነው። ፑሊው ተበልቶ ከሆነ አዲስ ቺንጋ ብቻውን አያድነውም።

አሁን አሮጌውን ቺንጋ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተነዋል እንበል። በእጃችን እያዞርን ከጫፍ እስከ ጫፍ እናየዋለን። ሁለቱም ጎኑ ጠንክሮ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሲንሸራተት ኖሯል። ወጣሪው ሞላ ደክሟል፣ ወይም ወጣሪው ክንድ በዝገት ተይዞ እስከ መጨረሻው አይመለስም፣ ወይም ፑሊው አልቋል። ጎኑ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ካበጠ፣ ጣትም ላይ ከተጣበቀ፣ ዘይት ወይም ቤንዚን ጠጥቷል። የሞተሩ የታችኛው ዘይት መያዣ ጎሚኒ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋ ከመግዛት በፊት እሱ ይሠራል። የውስጡ ፊት በአግድም ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዕድሜና ሙቀት ነው፤ ይህ በክብር ያረጀ ቺንጋ ነውና ያለ ብዙ ምርመራ ይቀየራል።

አንዱ ጎን ብቻ ተበልቶ ክሩ ከተንጨፈረረ የፑሊዎቹ መስመር አልገጠመም። ወይም ቺንጋው በመንገዱ ላይ አንድ ብረት እያሸ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከቦታው የተጣመመ የቺንጋ ጠባቂ ዘንግ ነው። ጠባቂ የምለው ከፑሊው ጎን ቆሞ ቺንጋው ሲላላ ከቦዩ እንዳይወጣ የሚከለክለውን አጭር ብረት ነው።

ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቃጥሎ የተሰረጎደ ቺንጋስ? ይህ ቺንጋው ቆሞ ሳለ የሞተሩ ፑሊ ከሥሩ እንደዞረ ይመሰክራል። ትራክተሩ ጭቃ ወይም በረዶ ውስጥ ተይዞ አሽከርካሪው ማስገደዱን አልተወም፤ ወይም ፍሬኑ ሳይለቅ ማሽኑ እንዲሄድ ተጠይቋል። ስንጥቅም ድካምም ሳይኖርበት እንደ ገመድ የተበጠሰ ደግሞ ድንገተኛ ምት ደርሶበታል። ወይም ሲገጠም በካቻቢቴ እየተጎለጎለ በግድ ስለገባ የውስጡ ክር ያኔ ተጎድቶ ኖሯል። በጥርስ የተቆራረጠ የመሰለም ይገጥማችኋል፤ እሱ እውነትም በጥርስ ነው። ጋራዥ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈች አይጥ ጎጆዋን እዚያ ሠርታለች፤ ከሞተሩ መሸፈኛ ሥርም እዩ፤ ማቀዝቀዣውን በጭራሮ ሞልታው ይሆናል።

በዕድሜ የገፉ አንድ አባት የአንድ ግቢ ሣር በነጻ ያጭዱ ነበር። በአንድ የሣር ወቅት ቺንጋ ደጋግመው ቀየሩና ደወሉልኝ። «ጋሼ፣ አሮጌዎቹን የት አደረጓቸው?» አልኳቸው። «ከቆሻሻው ጋር ሄዱ፤ ምን ያደርጉልኛል?» አሉ። የመጨረሻውን ግን አልጣሉትም ነበርና አየነው፤ ጀርባው፣ ያ ምንም ሊያሸው የማይገባው ጠፍጣፋ ጀርባ፣ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። ጀርባውን የሚነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋው ወጣሪ ፑሊ። ፑሊውን በጣታችን ስንገፋው አልዞረም። ኩሽኔታው በዝገት ተይዟል፤ ቺንጋው በቆመ ብረት ላይ እየታሸ ይሮጥ ነበር። የወጣሪው ፑሊ ዋጋ ከአንዱ ቺንጋ ዋጋ አይበልጥም። እኚህ አባት እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ሰው ናቸው፤ የጎደላቸው ያን የተጣለውን ዕቃ አገላብጦ ማየት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቺንጋው በወጣበት ሰዓት፣ መንገዱ ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱን ፑሊ በእጃችሁ አዙሩ። ጸጥ ብሎ መዞር አለበት። ከኮረኮረ፣ ከጮኸ፣ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ይቀየር። ወጣሪውን ክንድ ገፍታችሁ ልቀቁት፤ በሞላው ኃይል ቶሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ መዞሪያው ይጸዳ፣ ግራሶ ይቀባ። ግራሶውም ሆነ ማንኛውም የሚረጭ ዘይት ቺንጋውንና ቦዩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቺንጋ ሲጮህ ዘይት መርጨት ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ቺንጋውን ግን ይገድለዋል።

የሰው አመልም ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ፔዳሉ ሲረገጥ ወጣሪው ክንድ ይመለስና ቺንጋው ይላላል፤ ጠልቆ ሲረገጥ ደግሞ ፍሬን ይይዛል። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ መቆም የለመደ ሹፌር እግሩን እዚያ ፔዳል ላይ አሳርፎ ያጭዳል። ቺንጋው ግማሽ ተወጥሮ ግማሽ እየተንሸራተተ ቀኑን ይውላል። እግራችሁን ከፔዳሉ ላይ አንሡ፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ርገጡት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት።

አዲሱን ስለመግዛት ጥቂት ልበል። በመጀመሪያ በአብዛኛው ማሽን ላይ ሁለት ቺንጋ እንዳለ እወቁ፤ አንዱ የጉዞው ነው፣ አንዱ ምላጮቹን የሚያዞረው ነው። ሁለቱን አምታቶ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ሞተሩ ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ በቆመበት ማሽን፣ ከሞተሩ ሥር ባለው ድርብ ፑሊ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ቦይ የጉዞው ነው፤ የታችኛው የማጨጃው ነው።

በቺንጋው ጀርባ ላይ ቁጥሩ ከተነበበ እሰየው። 4ኤል830 የሚል ካያችሁ፣ 4ኤል ወርዱ ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግራል፤ 830 ደግሞ የውጭው ዙሪያ 83.0 ኢንች መሆኑን። 5ኤል ከሆነ ወርዱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኤ81 የሚል ከሆነ ያው ግማሽ ኢንች ወርድ ነው፤ ቁጥሩ ግን የውስጡን ዙሪያ ስለሚቆጥር የውጭው 2 ኢንች ያህል ይጨምርና ወደ 83 ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኤ83 ይገዛና «ረዘመብኝ» ይላል። ቁጥሩ ከጠፋ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ከመቀመጫው ሥር ወይም ከኋላ ካለው ሰሌዳ አንብቡና በሱ ፈልጉ። አሮጌውን ለክቶ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ተስቦ ረዝሟል፣ ተበልቶም ጠቧል፤ የሚነግራችሁ ልክ የራሱ የድካም ልክ ነው።

ልኩ ገጠመ ማለት ዓይነቱ ገጠመ ማለት አይደለም። በመደብር ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ቀላል ቺንጋ እንደ ማራገቢያ ላለ ሳይቋረጥ ለሚዞር ትንሽ ሥራ የተሠራ ነው። የትራክተሩ ቺንጋ ግን ቀኑን ሙሉ ሲላላና ሲወጠር ይውላል፤ ጀርባውም በወጣሪ ፑሊ ይታጠፋል። ለዚህ የሚሠራው ቺንጋ በጠንካራ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ የአራሚድ ክር ያለው ነው። ኬቭላር በሚል ስም የምታውቁት ክር ከዚህ ወገን ነው፤ ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች የኬሚስትሪ ባለሙያ በ1965 ያገኘችው፣ ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ነው። በዋጋው አትሠሡ። ርካሹ በአንድ ወር ካለቀ፣ ውድ የሆነው ርካሹ ነው።

ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። በቀይ ቀለሙ የምታውቁት አሮጌው ዊል ሆርስ ቺንጋው በቀኝ ጎኑ በአንድ የብረት ክዳን ሥር ነው፤ ክዳኑን ፈትቶ መቀየር የቡና ሰዓት ሥራ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር በ1961 ያወጣው የመጀመሪያው ከብ ካዴት በቺንጋ ይሄድ ነበር፤ በ1963 የመጡት ተተኪዎቹ ግን ጉልበቱን በዘንግ ስለሚያስተላልፉ የጉዞ ቺንጋ የላቸውም፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ። በዚያው በ1963 የወጣው ጆን ዲር 110 ደግሞ ፍጥነቱን የሚቀይረው በቺንጋና በሚሰፋ በሚጠብ ፑሊ ነው፤ የሱን አሠራር መጽሐፉን ሳትይዙ አትጀምሩት። በኋላ ዘመን የመጡትና በየቤቱ የበዙት፣ ቺንጋቸው በሆዳቸው ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው፣ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቁት ናቸው። የቀረውን ንግግሬን ለእነሱ ላድርገው።

መጀመሪያ ደኅንነት። ማሽኑ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉ ይውጣ። የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና ከካንዴላው አርቁት፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ይህን «አውቃለሁ» ብሎ የሚዘል ሰው ጣቱን ያጣል፤ ፑሊ በእጅ ሲዞር ሞተሩም ይዞራልና። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ወትፉ። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ ጠንካራ መቆሚያ ይግባበት። ነጠላም ሆነ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ከአንገት ይውረድ።

ቀጥሎ የማጨጃው ሳህን ይወርዳል፤ ምላጮቹን የያዘውን ሰፊ ብረት ማለቴ ነው። የሱን ቺንጋ ከሞተሩ ፑሊ ላይ አውጡ፤ ሳህኑን የተሸከሙትን ዘንጎች ኮፒሊያቸውን በፒንሳ እየሳባችሁ ፍቱ፤ ሳህኑን በጎን በኩል ሳቡት። ከባድ ነውና ሰው ይርዳችሁ። ኮፒሊያዎቹንና ራንዴላዎቹን በየተራቸው አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።

አሁን ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከፊት፣ ከመካከል፣ ከኋላ፤ ቺንጋው በየትኛው ፑሊ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከየትኛው ጠባቂ ዘንግ ውስጥ እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ። ይህችን ደቂቃ የሚዘል ሰው ማታ ላይ መሬት ተኝቶ ሲያስብ ያድራል። ከዚያ ውጥረቱን አላሉ፤ በብዙ ማሽን ፔዳሉን ረግጦ የማቆሚያ ፍሬኑን መያዝ ይበቃል። ጠባቂ ዘንጎቹን የያዙትን ቡሎኖች ሙሉ በሙሉ ከመፍታት ይልቅ ማላላት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሲላላ ዘወር ይልና ቺንጋው ያልፋል። ከኋላ ከካምቢዮው ፑሊ ላይ አውጡት። ካምቢዮው ሃይድሮስታቲክ፣ ማለት በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ ከሆነ ከፑሊው ላይ የፕላስቲክ ማራገቢያ አለ፤ ቺንጋውን በእያንዳንዱ ክንፉ ላይ እያሳለፋችሁ አውጡት እንጂ አትጎትቱት፤ ክንፉ ይሰበራል። በፊት በኩል የመሪው ዘንግ ወይም የፍሪሲዮኑ ዘንግ በቺንጋው መሐል የሚያልፍ ከሆነ አንዱን ጫፍ መፍታት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቆም ብላችሁ እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ የምታደርጉት፤ አሮጌውን ማንበብ፣ ፑሊዎቹን ማዞር፣ ቦዩን በደረቅ ጨርቅና በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ዘይት የሚንጠባጠብበትን መፈለግ። ሥራው ይኸ ነው። ቺንጋውን ማስገባቱ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

አዲሱ በወጣበት መንገድ ይገባል። ሾጣጣው ጎን ቦይ ባለው ፑሊ ውስጥ፣ ጠፍጣፋው ጀርባ በጠፍጣፋው ወጣሪ ላይ። በእጅ ይግባ፤ በካቻቢቴ አይጎልጎል። ካልገባላችሁ ወይ ውጥረቱ አልላላም፣ ወይ አንዱ ጠባቂ አልተፈታም፣ ወይ የተገዛው ትክክለኛው አይደለም። ከገባ በኋላ ከፎቶው ጋር አስተያዩት፤ ሳይፈለግ የተጣመመ ቦታ እንዳይኖር በጣታችሁ ዙሪያውን ተከተሉት። የአንዳንዱ ማሽን ቺንጋ በሥሪቱ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ ይህንንም ፎቶው ይነግራችኋል። ጠባቂዎቹን ወደ ቦታቸው መልሳችሁ አጥብቁ፤ ቺንጋው ሲወጠር እንዳይነኩት፣ ሲላላ ደግሞ እንዳያስወጡት።

ወደ ሙከራው ከመሄዳችን በፊት ስለ መጠገን መብታችንም ልናገር፤ ይህን ስናገር ስሜት ቢታይብኝ ይቅር በሉኝ። አዲሶቹ ማሽኖች በኮምፒውተር እየተቆለፉ መጥተዋል። ካናዳ በኖቬምበር 2024 የቅጂ መብት ሕጓን አሻሽላ፣ ባለቤቱ ዕቃውን ለመመርመርና ለመጠገን ሲል ዲጂታል ቁልፉን ቢፈታ ጥፋት እንዳይሆንበት ፈቅዳለች። ጥሩ እርምጃ ነው። አሮጌው ትራክተር ግን ከመጀመሪያውም አልተቆለፈም፤ ዳዶና ቡሎን ነው፤ የሚጠይቀው መፍቻና ዓይን ነው። በመካከላችን ከተግባረ ዕድ፣ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ከአየር መንገዱ የጥገና ክፍል የወጡ ሰዎች አሉ። ዛሬ ታክሲ ይነዳሉ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሣሉ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ዕውቀት ልጆቻቸው እንኳ አያውቁትም። በዚህች ከተማ ከ2013 ጀምሮ ሪፔር ካፌ የሚባል አለ፤ በጎ ፈቃደኞች የሰው ዕቃ በነጻ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ይጠግናሉ። እኛም በየግቢያችን እንዲህ ብናደርግ እወዳለሁ፤ ወጣቱ ከነዚህ አባቶች አጠገብ ተንበርክኮ መፍቻ ቢያቀብል፣ አባቱ ምን ያውቅ እንደነበር ያያል።

ወደ ፍጻሜው እየደረስኩ ነው። አዲሱ ቺንጋ ከገባ በኋላ፣ የማጨጃውን ሳህን ሳትመልሱ መጀመሪያ ትራክተሩን ሞክሩት። የካንዴላውን ገመድና ባትሪውን መልሱ፤ ሰውና ልጅ ከአካባቢው ይራቅ፤ በዝግታ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ከዚያ ትንሽ ዳገት። ፔዳሉን ስትረግጡ መቆም አለበት፤ ስትለቁ ሳይዘል መነሣት አለበት። ፔዳሉ ተረግጦም የሚሳብ ከሆነ አንዱ ጠባቂ ቺንጋውን ይዞታል፤ አጥፉትና እንደገና እዩት። ደህና ከሆነ ሳህኑን መልሱና እጨዱ። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይሳባል፤ ውጥረቱ በእጅ የሚስተካከል ማሽን ከሆነ ያኔ ይጠበቅ። ከቺንጋው ሥር ጥቁር ዱቄት የተጠራቀመ እንደሆነ አንድ ነገር እያሸው ነው።

በመጨረሻም የአዲሱን ቺንጋ ቁጥርና የገባበትን ወር በማይለቅ ቀለም በኮፈኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ጻፉት፤ ለራሳችሁም፣ ማሽኑን ከእናንተ ለሚገዛው ሰውም። አንድ ማሽን ሳህኑ ወርዶ ከአዳራሹ ጀርባ ቆሟል፤ አሮጌ ቺንጋ የያዛችሁ ይዛችሁ ውጡና አብረን እንየው።